የእርሻ መኪናና ጥንቃቄው

ጥቁር ዓባይ ከጣና ተነሥቶ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ሰንጥቆ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት ተያይተው ይገኛሉ። እነርሱም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም ናቸው። የመጨረሻይቱን የአገሩ ሰዎች በአጭሩ ባሕሪ ይሏታል። ባሕሪ በፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ብትሆንም እርሻ ፈጽሞ አልተለያትም፤ በወንዙ ዳር በሻምባትና በሐልፋያ በኩል በመስኖ የሚለማ የአትክልትና የከብት መኖ እርሻ ኖሮባት ቆይቷል። ከዚህም በላይ ሻምባት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ የተቋቋመበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ከሱዳን የእርሻ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ እርሻ መሣሪያ የተማሩት በዚያ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ባሕሪን ክፉኛ ጎድቷታል፤ ነዋሪዎቿን በትኗል፤ የሻምባትንም ትምህርት አስተጓጉሏል።

ይሁን እንጂ የሱዳን ትራክተር በብዛት የሚሠራው በባሕሪ ዙሪያ አይደለም። ከባሕሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ፣ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ተጠግቶ የገዳሪፍ ሜዳ ይገኛል። በዚህ ሜዳ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም ነው። በዚያን ጊዜ አገሩን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ለሰፈረው ጦሩ ቀለብ የሚሆን ማሽላ ፈልጎ፣ በ1937 ዓ.ም. አካባቢ ገዳምበሊያ በተባለው ስፍራ ሰፊ መሬት አሳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1968 የመኪና እርሻ ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ እርሻው እጅግ ተስፋፋ፤ ለአንድ ባለ እርሻ 1000 ፌዳን፣ ማለትም 420 ሔክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። ይህን የሚያህል መሬት በሬ አይዘልቀውም።

ከወሰኑ ወዲህ ባለው አገር፣ በሑመራና በመተማ ሜዳም እንዲሁ ሰሊጥና ማሽላ በትራክተር ይታረሳል። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ግንኙነት ግን በሰብሉ መመሳሰል ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ ገላባት ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ሲሄዱ ኖረዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ካርቱምና ወደ ባሕሪ ዘልቀዋል። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ትራክተር ሲንቀሳቀስ በዙሪያው ያለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ በበሬ ሲያርስ ያደገ የደጋ ሰው ነው።

እርፍ ጨብጦ ያደገ ሰው ደግሞ ኃይልን የሚያውቀው በበሬ ነው። በሬ ጉልበት አለው፤ ይዋጋል፤ ይራገጣል፤ ነገር ግን ዓይንም ጆሮም አለው። ማረሻው ከሥር ወይም ከድንጋይ ጋር ሲያያዝ በሬው ራሱ ይቆማል። ገበሬው ‹‹ቁም!›› ሲለው ይሰማል። ሲደክመውም ይተኛል እንጂ ሲገፋ አያድርም። ትራክተር ግን ከነዚህ አንዱንም አያውቅም። ማረሻው ድንጋይ ቢይዘው መንኰራኩሩ መግፋቱን አይተውም፤ የሰው እጅ በመውቂያው አፍ ቢገባ ከማሽላ ዛላ ለይቶ አያየውም።

ብዙ ሰዎች የትራክተር አደገኛነት ከክብደቱና ከጉልበቱ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ዋናው ምክንያት ግን ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ሲባል በመንገድ ላይ የሚሮጠው ሩጫ አይደለም፤ እርሱማ ከሌላ መኪና ጋር ሲነጻጸር ዝግ ያለ ነው። እዚህ ላይ የሚነገረው፣ አደጋው ከተጀመረበት እስከሚፈጸምበት ድረስ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑ ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ፣ አስቦ፣ እጁን ወይም እግሩን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል፣ ከደከመው ደግሞ አንድ ሴኮንድና ከዚያም በላይ ያልፋል። ከዚህ ቀጥሎ ከሚገለጹት አደጋዎች አብዛኞቹ በዚያችው ጊዜ ውስጥ የሚያልቁ ናቸው። ስለዚህ በትራክተር ሥራ ጥንቃቄ የሚደረገው ሞተሩ ሳይነሣ በፊት እንጂ አደጋው ፊት ለፊት ሲመጣ አይደለም።

የገዳሪፍ፣ የመተማና የሑመራ አፈር በአመዛኙ ከባድ ጥቁር አፈር ነው፤ በደጋ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ዓይነት ማለት ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲመታው ግን እንደ ሊጥ ይሆናል። ዝናቡ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ግድም ስለሚወጣ የዘሩ ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ ነጂው መሬቱ ጥቂት ሲጠግግለት ሳይውል ሳያድር ይገባል። በዚህም ጊዜ የኋላ መንኰራኩሮቹ ይሰምጡበታል።

እንበል ትራክተሩ ሰመጠ። ነጂው ናፍጣ ይጨምራል፤ መንኰራኩሩ ግን ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። ቀጥሎ ረዳቱ አንድ ግንድ ጎትቶ ያመጣና በኋላ መንኰራኩሮቹ ፊት አጋድሞ በሰንሰለት ከጎማዎቹ ጋር ያስረዋል። አሳቡ ግንዱ መሬቱን ቆንጥጦ ትራክተሩን እንዲያወጣው ነው። ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሰውንም የሚያታልለው ይኸው አንዳንድ ጊዜ መሥራቱ ነው።

በዚህ ጊዜ በትራክተሩ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ የኋላውን አክሰል በታላቅ ኃይል ያዞራል፤ አክሰሉም መንኰራኩሩን ያዞራል። መንኰራኩሩ በግንድና በጭቃ ተይዞ መዞር ካቃተው ግን ኃይሉ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ይኸውም መንኰራኩሩን ማዞር ትቶ የትራክተሩን አካል ራሱን በአክሰሉ ዙሪያ ማዞር ነው። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፤ ከዚያም ትራክተሩ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይገለበጣል። አፍንጫው መነሣት ከጀመረበት ወደማይመለስበት ደረጃ እስከሚደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ የሴኮንድ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ያልቃል። ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ባሰበበት ቅጽበት መሪው ደረቱ ላይ ነው።

የሰመጠ ትራክተር አወጣጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው እንጂ የሚያስቸግር አይደለም። መጀመሪያ የሚጎትተው መሣሪያ ይፈታል። ከመንኰራኩሮቹ በስተኋላ ያለው ጭቃ በአካፋ ይዛቅና በመጣበት መንገድ በኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። ትራክተር ወደ ኋላ ሲሄድ ኃይሉ አፍንጫውን ወደ መሬት ስለሚጫነው በዚህ አኳኋን ወደ ኋላ አይገለበጥም። ይህም ካልሆነ ሌላ ትራክተር ይጎትተዋል። የሚጎትተው ትራክተር ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ቦታ ከታች ያለው መጎተቻ ብቻ ነው። ከአክሰሉ ከፍ ብሎ ከታሰረ ጭነቱ ትራክተሩን ወደ ኋላ እየሳበ ይገለብጠዋልና፣ ሁለተኛው ነጂ የመጀመሪያውን ሊያድን ሄዶ እርሱ ሊሞት ይችላል። ሰንሰለቱ በሚወጠርበት ጊዜም በአካባቢው ሰው መቆም የለበትም፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመታል።

ይህ አደጋ ከትራክተር ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ በብዛት መሠራት የጀመረው ፎርድሰን የተባለው ትራክተር ርካሽና ቀላል ስለ ነበረ ገዢው በዛ፤ ነገር ግን ማረሻው እንቅፋት ሲያጋጥመው ወደ ኋላ በመገልበጡ ስሙ ጠፍቶ ነበር። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አዋሕዶ የሚይዝ ማያያዣ ሠራ። በዚህ ማያያዣ ማረሻው ሲከብደው የላይኛው ክንድ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይገፋል። ዛሬ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የሚታዩት የእርሻ ትራክተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ባለ ሦስት ክንድ ማያያዣ አላቸው፤ በሁለቱም አገሮች የታወቀው ማሲ ፈርጉሰንም ከስሙ እኩሌታ የያዘው ከዚሁ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ትልቅ ፍልስፍና አንድ ግንድና ሦስት ክንድ ሰንሰለት ሲያፈርሱት ማየት የሚያሳዝን ነው።

በባሕሪ የወንዝ ዳር እርሻ ደግሞ የሚያሰጋው ጭቃ ሳይሆን ቦይ ነው። ውሃ የጠገበ የቦይ አፋፍ ላዩ በፀሐይ ደርቆ ጠንካራ ይምሰል እንጂ ውስጡ የላላ ስለ ሆነ፣ የትራክተር ክብደት ሲያርፍበት ይናዳል። ባለሙያዎች የሚሰጡት ልክ ቀላል ነው፤ ቦዩ ሁለት ሜትር ጥልቀት ካለው መንኰራኩሩ ከአፋፉ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ ሦስት ሜትር ከሆነም ሦስት ሜትር ይራቅ ይላሉ። ጥቂት መደብ ሳይታረስ ቢቀር የሚጎድለው ጥቂት መኖ ነው።

በመንገድ ላይ ወደ ጎን መገልበጥም ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነው። ትራክተር በእርሻ ውስጥ ከሰብሉ በላይ እንዲያልፍ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ላይ ያደላል። በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው 20 ቢሄድ የሚገፋው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ጋር አንድ ተራ የሚመስል ነገር መነሣት አለበት። ትራክተር ሁለት የፍሬን ፔዳል አለው፤ አንዱ የግራውን፣ አንዱ የቀኙን የኋላ መንኰራኩር ይይዛል። ይህ የተደረገው በእርሻው ዳር ላይ አጥፎ ለመመለስ እንዲመች ነው። ትራክተሩ ወደ መንገድ ሲወጣ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በማያያዣቸው መያያዝ አለባቸው። ያልተያያዙ እንደ ሆነ በድንገት አንዱን ብቻ የረገጠ ነጂ ትራክተሩ ባንድ እግሩ ይቆምና ይወድቃል።

ስለ መገልበጥ ከተነሣ ስለ መከላከያው ቅስት መናገር ተገቢ ነው። ይህ ቅስት ከነጂው መቀመጫ በስተኋላ ወይም በዙሪያው የሚቆም የጠነከረ ብረት ሲሆን፣ ትራክተሩ ቢገለበጥ ነጂው የሚተርፍበትን ክፍተት ይጠብቃል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ለአዳዲስ ትራክተሮች ይህ ብረት እንዲገጠም በሕግ አዘዘች፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርታት በዚያች አገር በትራክተር መገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር እጅግ ዝቅ ብሏል። የነጂዎቹ ጠባይ በአንድ ጊዜ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ብረቱ ስላለ ነው። ቅስቱ የሚሠራው ነጂው የመቀመጫ ቀበቶውን ሲታጠቅ ነው፤ አለዚያ ከክፍተቱ ውጭ ይወረወርና ያው ብረት ይጫነዋል። ቅስት በሌለው ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ መታጠቅ ሰውየውን ከሚጫነው ብረት ጋር ማሰር ነው።

ባሕሪና ገዳሪፍ ፀሐያቸው የሚያቃጥል፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀታቸው ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ አገሮች ናቸው። ስለዚህ በብዙ ትራክተሮች ላይ ከቀጭን ቆርቆሮ ወይም ከሸራ የተሠራ የጥላ ክዳን ይታያል። ይህ ክዳን ከፀሐይ ያድናል፤ ከመገልበጥ ግን አያድንም። በአራት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ የቆመውን ክዳን አይቶ መከላከያ አለኝ ብሎ የሚተማመን ነጂ፣ ምንም ከሌለው ነጂ ይልቅ አደጋ ላይ ነው፤ ያኛው ቢያንስ ይፈራል።

ከመገልበጥ ቀጥሎ አስፈሪው ነገር ከትራክተሩ ጀርባ የሚወጣው የሚሽከረከር ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ የሞተሩን ኃይል ወደ መውቂያ፣ ወደ ውሃ መሳቢያ ወይም ወደ ማጨጃ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ነጂዎች ፒ.ቲ.ኦ. እያሉ ይጠሩታል። በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 9 ጊዜ ይዞራል፤ 1000 ጊዜ የሚዞርም አለ። እንዲህ በፍጥነት ስለሚዞር ለዓይን የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የልብስ ጫፍ አንድ ጊዜ ከያዘ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ያህል ይጠቀልላል። የሱዳን ገበሬ የሚለብሰው ጀለቢያ ሰፊና ረጅም ነው፤ በራሱ ላይ የሚጠመጥመው ነጭ ጨርቅ አራት ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ኢትዮጵያዊውም በማለዳው ብርድ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ደርቦ ይመጣል። ዘንጉ አራት ሜትር ጨርቅ ለመጠቅለል ሁለት ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ጨርቁ ሲያልቅ የሚከተለው ያው ለባሹ ነው። እጅ ወይም እግር ሊቆረጥ፣ አንገት ሊታነቅ ይችላል።

ለስላሳና ቀጥ ያለ ዘንግ ልብስ አይዝም የሚል አነጋገር አለ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጥቂት ዝገት፣ የደረቀ ጭቃ ወይም እርጥብ ክር ካለ ይበቃዋል። የዘንጉ ማስተማመኛ በላዩ የሚለበሰው ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ከዘንጉ ተለይቶ መቆም የሚችል ስለ ሆነ፣ ሰው ወይም ልብስ ሲነካው ሽፋኑ ይቆማል፣ ዘንጉ ግን በውስጡ መዞሩን ይቀጥላል። ነገር ግን ሽፋኑ ግራሶ ለማስገባት ያስቸግራል ተብሎ ይወልቃል፤ ወይም ይሰነጠቅና ሌላ ሳይተካ ወቅቱ ያልፋል። ሽፋን የሌለውን ዘንግ መሻገር፣ አጎንብሶ በሥሩ ማለፍ፣ ወይም እየዞረ ሳለ መወልወል የተከለከለ ነው። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ ሰው በትራክተሩ ፊት ይዙር። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

በገዳሪፍ የማሽላው ዛላ በእጅ እየታጨደ ሲከመር ቆይቶ ኮምባይነር በክምሩ አጠገብ ቆሞ የመውቃት ልማድ አለ። በዚህን ጊዜ መኪናው አይጓዝም፤ ሠራተኞች ዛላውን እየታቀፉ በአፉ ያገቡለታል። መኪናው ቆሞ ስለሚታይ አደጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ከተጓዡ ኮምባይነር የበለጠ ሰው ወደ አፉ የሚቀርበው በዚህ ጊዜ ነው። ዛላው ሲታነቅበት በእጅ ወይም በእግር መግፋት ለብዙዎች ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ይመስላል፤ መኪናው ግን የታነቀውን ዛላ ሲለቅ በአንድ ቅጽበት ስለሚስበው፣ እጁን ያስገባው ሰው ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። የታነቀ ነገር የሚወጣው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ፈጽሞ መቆሙ በዓይን ታይቶ ነው። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ከበሮው በራሱ ክብደት ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላልና።

ለዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ ግን ሌላ ነው። በገጠር መንገድ ላይ ትራክተር ሲያልፍ ተማሪ እጁን ያነሣል፤ ነጂውም ሰው አክባሪ ከሆነ ያቆምለታል። ልጁ በፓራፋንጎው ላይ ይቀመጣል፤ ወይም በማያያዣው ብረት ላይ ቆሞ የነጂውን መቀመጫ ይይዛል። ትራክተር ስፕሪንግ የሌለው ስለ ሆነ አንድ ጉድጓድ ሲመታ ልጁ ይነቀላል። ከፓራፋንጎ የወደቀ ሰው ከኋላው መንኰራኩር ሥር፣ ከማያያዣው የወደቀም ከተሳቢው ወይም ከመከስከሻው ሥር ይገባል። ነጂው ሊያቆም ቢፈልግ እንኳ አይደርስም። በአጨዳ ወቅትም ሠራተኞች በተሳቢ ላይ ታጭቀው፣ ከጆንያውና ከበርሜሉ ጋር ሲጓዙ ማየት የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው 184ኛ ስምምነት፣ የእርሻ መኪና ሰው ለመጫን ካልተሠራ ወይም ለዚሁ ካልተስተካከለ በቀር ሰው ማጓጓዣ መሆን እንደማይገባው ደንግጓል። መቀመጫው አንድ ነው፤ የሚሳፈረውም አንድ ሰው ነው። ይህን ሕግ አክብሮ ተማሪውን አልጭንም ያለ ነጂ እንደ ክፉ ሰው ሊታይ አይገባውም።

ሞተር ከማስነሣት ላይም የሚመጣ ሞት አለ። ባትሪ ሲደክም ወይም ቁልፉ ሲበላሽ አንዳንድ ነጂዎች መሬት ላይ ቆመው የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች በካቻቪቴ በማገናኘት ሞተሩን ያስነሣሉ። ብዙ ትራክተሮች ማርሽ ውስጥ እያሉ እንዳይነሡ የሚከለክል መቆለፊያ አላቸው፤ በካቻቪቴ የሚነሣ ሞተር ግን በዚያ መቆለፊያ በኩል አያልፍም። ማርሽ ገብቶ ከነበረ ትራክተሩ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ሰውየው የቆመው በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ስለ ሆነ ኋለኛው ጎማ ይወጣበታል። የተበላሸውን ቁልፍ ማስጠገን ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ በዘር ወቅት ግን ሰዓት ውድ ናትና ካቻቪቴው ከመሣሪያ ሣጥኑ ሳይሆን ከነጂው ኪስ አይጠፋም።

ሌሎቹን ጥንቃቄዎች በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። በሃይድሮሊክ የተነሣ ማረሻ ነጂው ሲወርድ መሬት ላይ መውረድ አለበት፤ በተነሣ መሣሪያ ሥር የሚገባ ሰው በዘይት ላይ ሕይወቱን ይጥላል። ከቀጭን ቀዳዳ የሚያመልጥ የሃይድሮሊክ ዘይት ቆዳን በስቶ ስለሚገባ በእጅ ሳይሆን በካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል። ናፍጣ የሚቀዳው ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው። በጭስ መውጫው ዙሪያ የተጠራቀመ የሰሊጥ አገዳና ገለባ በየቀኑ ይጠረግ። የሚፈላ ራዲያተር አይከፈት። በዘር ወቅት ትራክተሮች ቀንም ሌሊትም ስለሚሠሩ፣ አንድ ነጂ ሌሊቱን አርሶ ቀኑን እንዲደግም የሚያስገድድ ባለ እርሻ ከላይ ስለ ግማሽና ስለ አንድ ሴኮንድ የተባለውን ያስታውስ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ በወሰኑ አካባቢ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመርበታል። ነጂው ዐረብኛ፣ ሠራተኛው አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋቸው አንድ ቢሆንም እንኳ የሞተሩ ጩኸት ድምፅን ይውጣል። ለዚህም የእጅ ምልክት አለ። ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ መዳፍን ወደ ነጂው ማሳየት ቁም ማለት ነው። እጅን በጉሮሮ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ማሳለፍ ሞተሩን አጥፋ ማለት ነው። ሁለቱን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

አደጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው አሳብ የተያዘውን ሰው መጎተት ወይም መኪናውን ወደ ኋላ ማዞር ነው። ሁለቱም ጉዳቱን ያብሳሉ። አስቀድሞ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከዚያ ልብሱ ይቆረጥ፤ የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ሰውም ወደ ሐኪም ይላክ። ሞተሩን ማጥፋት ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በብዙ አሮጌ የናፍጣ ትራክተሮች ላይ ቁልፉን ቢያዞሩት ሞተሩ አይጠፋም፤ ናፍጣውን የሚዘጋ ለብቻው የሆነ የሚሳብ እጀታ አለ። ያን እጀታ የሚያውቀው ነጂው ነው፤ የተያዘው ነጂው ራሱ ከሆነስ? በአጠገቡ ያለው አራሚ ወይም አጫጅ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ ዘንጉም መዞሩን ይቀጥላል።

ስለዚህ በወቅቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ሥራ ሳይጀመር በፊት ነጂው ሠራተኞቹን በትራክተሩ ዙሪያ ሰብስቦ ሞተሩን ያስነሣና እጀታውን በጣቱ ያሳያቸው። ከዚያም እያንዳንዱ ተራ በተራ ቀርቦ በገዛ እጁ ስቦ ያጥፋው። ሠራተኞቹ ሃያ ቢሆኑ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።